ቦዲ፦ ወርቁ ሳያልቅ የተለቀቀች ከተማ

(ጎንደር ላይ ለአስጎብኚዎችና ለቅርስ ጥበቃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረ ቀርቧል)

ክቡራን አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ቦታ አለ፤ ኑ፣ ግቡ፣ አትፈሩ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንዲት ሩቅ አገር ከተማ ነው። ቦዲ ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ ግዛት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከኔቫዳ ወሰን አጠገብ ትገኛለች። ከፍታዋ 2,554 ሜትር ነው፤ ከእኛዋ ጎንደር ትበልጣለች፣ ከደባርቅ ግን ዝቅ ትላለች። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከወዲሁ ያዙልኝ።

«ጎንደር ተቀምጠን የካሊፎርኒያን ወና ከተማ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እናንተ ሥራችሁ ሰው ትቶት በሄደው ድንጋይ መካከል ነው። ጉዛራ አለላችሁ። የአፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ አለላችሁ። ጎርጎራ አለላችሁ። እንግዳው መጥቶ ፍርስራሹ ሥር ይቆምና ምን ይላችኋል? «ለምን ተለቀቀ?» ይላችኋል። ምን ትመልሱለታላችሁ? አብዛኞቻችን ያገኘነውን አጭር መልስ ሰጥተን እናልፋለን። ስለ ቦዲም የሚሰጠው አጭር መልስ «ወርቁ አለቀ» የሚል ነው። ወርቁ አላለቀም! ዛሬም ከመሬቱ በታች አለ። ታዲያ ሰው ወርቁን ከእግሩ ሥር ትቶ ለምን ሄደ? የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ አነሳሷን ባጭሩ። ሁለተኛ፣ ወርቁ ከድንጋዩ እንዴት ይወጣ እንደነበረና ምን ያስወጣ እንደነበረ፤ እዚህ ላይ እቆያለሁ፣ ታገሡኝ። ሦስተኛ፣ ወና ከሆነች በኋላ እንዴት እንደተጠበቀች።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። በ1859 ቦዲ የሚባል ከኒውዮርክ ግዛት የመጣ ወርቅ ፈላጊ በእነዚያ ኮረብቶች ወርቅ አገኘ። ሰውዬው ግን የወርቁን ጥቅም አላየም። በዚያው ዓመት ክረምት ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ የበረዶ ውሽንፍር ያዘውና መንገድ ላይ ሞተ። ከተማዋ በስሙ ተጠራች፤ የስሙ አጻጻፍ እንኳ በኋላ ተለውጧል።

ከዚያ በኋላ ለ16 እና ለ17 ዓመታት ያህል ቦዲ ጥቂት ጎጆዎች ብቻ ነበረች። ሰው ሁሉ የሚጎርፈው በቅርብ ወዳለችው ወደ አውሮራና ኔቫዳ ውስጥ ወዳለው የብር ማዕድን ነበር። በ1876 ስታንዳርድ የተባለው ማዕድን ውስጥ የበለጸገ የወርቅ ሥር ተገኘ። ወሬው ተሰማ። በ1878 ሰው ግር ብሎ መጣ። በ1879 እና በ1880 የሕዝቡ ቁጥር ከ7,000 እስከ 10,000 ይገመት ነበር፤ ሕንጻው 2,000 ያህል ደረሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ! አንድ ማይል የሚሆን ዋና መንገድ፣ በግራ በቀኝ ከ60 የሚበልጡ መጠጥ ቤቶች፣ ባንክ፣ ጋዜጣ፣ የእሳት አደጋ ብርጌድ፣ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ። ቤተ ሰቧ ወደዚያ ሊዛወር የተነሣ አንዲት ትንሽ ልጅ ማታ ስትጸልይ «እግዜር ሆይ፣ ደህና ሁን፤ ወደ ቦዲ ልንሄድ ነው» አለች ይባላል። የከተማዋ ስም በጠብና በተኩስ እስከዚህ ድረስ የከፋ ነበር።

አነሳሷ ይህን ይመስላል። አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ የነገሩ ሆድ ዕቃ ያለው እዚህ ነው።

እኛ አገር ወርቅ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ወንዝ ዳር በገበቴ የሚታጠበው ነው። እሱ የደለል ወርቅ ነው። ድንጋዩን ዝናብና ጎርፍ አስቀድሞ ፈጭቶታል፤ የሰው ሥራ ማጠብ ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ገበቴ፣ አንድ አካፋ ይበቃዋል። የቦዲ ወርቅ ግን እንደዚያ አይደለም። ነጭ የኳርትዝ ድንጋይ ውስጥ፣ አብዛኛው ለዓይን በማይታይ ቅንጣት፣ ከብር ጋር ተደባልቆ የተሰነገ ነው። ስለዚህ ጎርፍ የሚሠራውን ሥራ ሰው በማሽን መሥራት አለበት። ተራራውን ቆፍሮ ማውጣት፣ መፍጨት፣ ከዚያ ማጥመድ። ይህ የድሃ ሥራ አይደለም፤ የኩባንያ ሥራ ነው። ማዕድን ቆፋሪው በቀን 10 ሰዓት ለ4 ዶላር ይሠራ ነበር፤ ለዘመኑ ጥሩ ደመወዝ ነው።

ድንጋዩ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይመጣል። የቦዲን ወፍጮ ለመረዳት እናቶቻችን ቡና የሚወቅጡበትን ሙቀጫና ዘነዘና አስቡ። ልዩነቱ ሙቀጫው ከብረት የተሠራ ሣጥን፣ ዘነዘናው ደግሞ በግምት ከ350 እስከ 450 ኪሎ የሚመዝን የብረት ምሰሶ መሆኑ ነው። በስታንዳርድ ወፍጮ ውስጥ 20 ዘነዘናዎች ተደርድረው ቆመዋል። በእንፋሎት ሞተር የሚሽከረከር አግዳሚ ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ላይ ያሉት የብረት ጣቶች ዘነዘናውን ያነሡትና ይለቁታል። ያነሡታል፣ ይለቁታል። እንዲህ ያለው ዘነዘና በደቂቃ 90 እና 100 ጊዜ ያህል ይወርዳል። ሃያው ያለማቋረጥ ሲወርድ አስቡት! ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚግባባው በምልክት ነበር፤ ብዙዎችም ጆሯቸው ደንቁሯል።

ሙቀጫው ውስጥ ውሃ ያለማቋረጥ ይገባል። የደቀቀው ድንጋይ ከውሃው ጋር እንደ ቀጭን አጥሚት ሆኖ በወንፊት ያልፋል። ወንፊቱ ከተቀደደ ጠጠሩ ያመልጣል፤ በጠጠሩ ውስጥ የታሰረው ወርቅ አብሮ ይሄዳል። ከወንፊቱ ያለፈው አጥሚት ዘንበል ብሎ በተነጠፈ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ይፈሳል። ሰሌዳው ባዜቃ ተቀብቷል። ባዜቃ ዛሬ ሜርኩሪ የምንለው ነው። ባዜቃ ወርቅን ይወዳል፤ የነካውን ቅንጣት ይዞ አይለቅም፤ ድንጋዩን ግን አይነካም።

ቀላል ይመስላል። አይደለም። ውሃው ከበዛ ቅንጣቱ ሰሌዳውን ሳይነካ ጠራርጎት ይሄዳል። ውሃው ካነሰ ጭቃው ሰሌዳው ላይ ይተኛና ወርቁና ባዜቃው አይገናኙም። ከሁሉ የከፋው ቅባት ነው። ከማሽኑ አንዲት የዘይት ጠብታ፣ ወይም ቆፋሪው ዋሻ ውስጥ ካበራው ሻማ ድንጋዩ ላይ የቀረ ጠብታ ሰሌዳው ላይ ከደረሰ ባዜቃው ይታመማል። «ይታመማል» የሚሉት ራሳቸው ባለሙያዎቹ ናቸው፤ ተበታትኖ ዱቄት ይሆንና የያዘውን ወርቅ እንደያዘ በውሃው ይሄዳል። አስቡት፣ በአንዲት ሻማ ጠብታ! ለዚህ ነው የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ቀን ከሌት ሰሌዳውን እየጠረገ፣ እያሸ፣ ባዜቃ እየጨመረ የሚቆመው።

ሰሌዳው ላይ የተጠራቀመው ወርቅና ባዜቃ እንደ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ተፍቆ በጠንካራ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፤ ትርፉ ባዜቃ በጨርቁ ቀዳዳ ይንጠባጠባል። የቀረው ደረቅ ሊጥ ወደ ማጣሪያው ይገባል። ይህን ማጣሪያ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገኝም፤ አረቄ ሲወጣ ያላየ እዚህ አለ? ማሰሮው አለ፣ እሳቱ አለ፣ እንፋሎቱ የሚሄድበት ቱቦ አለ፣ ቱቦው በውሃ ይቀዘቅዛል። ማሰሮው ከብረት መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ባዜቃ በ357 ዲግሪ ይፈላል፤ ተንኖ በቱቦው ይሄድና ቀዝቅዞ መልሶ ባዜቃ ይሆናል። ማሰሮው ውስጥ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ወርቅ ይቀራል።

እዚህም ላይ ጥንቃቄ አለው። ማሰሮው ውስጡ አመድ ወይም ጠመኔ ካልተቀባ ወርቁ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። እሳቱ ቀስ ብሎ መነሣት አለበት፤ ካጣደፉት ሊጡ ይፈናጠራል። ደግሞ የቱቦው ጫፍ ውሃ ውስጥ ጠልቆ መቆየት የለበትም። ለምን? እሳቱ ሲቀንስ ማሰሮው ይቀዘቅዝና አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጫፉ ውሃ ውስጥ ካለ የሚስበው ውሃ ነው። ውሃ የጋለ ብረት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማሰሮው ይፈነዳል። የባዜቃው እንፋሎት ራሱ መርዝ ነው። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ጥርስ ያነቃንቃል፣ አእምሮ ያደክማል። ዛሬ በአገራችን በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ወንድሞቻችን ክፍት እሳት ላይ በመጥበሻ ባዜቃ የሚያቃጥሉበት ቦታ አለ። ጎረቤት ተቀምጦ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ! እባካችሁ፣ የምታውቁት ሰው ካለ ንገሩት። የተዘጋ ማጣሪያ ባዜቃውንም ይመልስለታል፣ ሳንባውንም ያተርፍለታል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ወርቁ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ብዙው ከዝቃጩ ጋር ሸለቆ ውስጥ ይጣል ነበር። በ1890ዎቹ ሳይናይድ በሚባል መርዛማ ኬሚካል ወርቅ የማውጣት ዘዴ ሲመጣ ያንኑ የተጣለ ዝቃጭ መልሰው ሠሩት። ዝቃጩን ትልልቅ ገንዳ ውስጥ ያስገቡታል፤ በጣም የቀጠነ የሳይናይድ ውሃ ያሳልፉበታል፤ ሳይናይዱ ከአየር ጋር ሆኖ ወርቁን ያሟሟዋል። ከዚያ ውሃውን በዚንክ ፍቅፋቂ ላይ ሲያሳልፉት ወርቁ ዚንኩ ላይ ጥቁር ጭቃ መስሎ ይቀመጣል። ኖራ ሳይጨመር ውሃው ከኮመጠጠ ግን ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ይህ ዘዴ ለቦዲ ተጨማሪ ዕድሜ ሰጣት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ሁሉ ዘነዘና የሚያነሣው ምንድነው? እንፋሎት። እንፋሎቱን የሚያፈላው ምንድነው? ማገዶ! ዋሻው እንዳይናድ የሚደግፈው ምንድነው? እንጨት። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሚወርድበት ክረምት ሰውን የሚያሞቀው ምንድነው? ማገዶ! ቤቱ የተሠራው ከምንድነው? ከእንጨት። በቦዲ ኮረብታ ላይ ግን ከቁጥቋጦ በቀር ዛፍ የለም። በ1881 ከሞኖ ሐይቅ ደቡብ ካለው ጫካ እስከ ቦዲ 51 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቀጭን የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ለመንገደኛ አይደለም፤ ወርቅ ለማመላለስም አይደለም። ማገዶና ግንድ ለማምጣት ነው። ወርቅ ላይ የተቀመጠች ከተማ፣ ሕይወቷ በማገዶ ባቡር ላይ ተንጠልጥሎ!

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? አይደለም። ጎንደር በአፄ ፋሲለደስ በ1636 ሳትቆረቆር በፊት ነገሥታቱ ለምን ከድንኳን ድንኳን፣ ከአገር አገር ይዘዋወሩ ነበር? አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ያ ሁሉ ሠራዊት በአንድ ቦታ ሲከርም ማገዶው ያልቃል። ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር። አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ሕንጻ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ እንግዳው «ለምን ተለቀቀ?» ሲላችሁ ከጦርነቱና ከሃይማኖቱ ወሬ ጋር አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ፦ ማገዶው ከየት ይመጣ ነበር? ውሃውስ?

የቦዲ ኩባንያም ባሕር ዛፍ የሚሆነው መላ ፈለገ። የስታንዳርድ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ቶማስ ሌገት በ1892 እና በ1893 ግሪን ክሪክ የሚባል ወንዝ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አስተከለ። ከዚያ እስከ ወፍጮው 21 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ አስዘረጋ። ከዚህ ፒያሳ ተነሥታችሁ እስከ አዘዞ አየር ማረፊያ ካለው መንገድ ይረዝማል። ኃይሉ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ዛሬ የአንድ መኪና ሞተር የሚያወጣው ማለት ነው። በዚያ ዘመን ግን ኤሌክትሪክን ያን ያህል ርቀት ወስዶ ማሽን ማንቀሳቀስ ገና ያልተለመደ ሥራ ነበር። መስመሩ በተቻለ መጠን ቀጥ ተደርጎ ነበር የተተከለው፤ ኤሌክትሪኩ ኩርባ ላይ ከሽቦው ዘሎ እንዳይወጣ ፈርተው ነው ይባላል። ከዚያ ወዲያ ወፍጮውን የሚያዞረው ውሃ ሆነ፤ የማገዶው ወጪ ወረደ። ያው ወፍጮ በ1898 ተቃጥሎ በ1899 እንደገና ተሠርቷል፤ ዛሬ ቆሞ የሚታየው እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ሞተች? ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የወርቅ ዋጋ በአሜሪካ ሕግ ተቆርጦ ነበር፦ 31.1 ግራም በምትመዝነው አንድ አውንስ 20.67 ዶላር። ለአሥርት ዓመታት አልተነቃነቀም። አንድ ቶን ድንጋይ ግማሽ አውንስ ወርቅ ቢኖረው ቶኑ ከ10 ዶላር ጥቂት ይበልጣል። ለቆፋሪ፣ ለድጋፍ እንጨት፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ለመሳብ፣ ለወፍጮ፣ ለባዜቃ የሚወጣው 11 ዶላር ከሆነ፣ ያ ድንጋይ ወርቅ አይደለም፤ ድንጋይ ነው! ወርቁ ውስጡ አለ፤ ግን ድንጋይ ነው። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፤ የሥሩ ሀብት ይቀንሳል፤ ዋጋው ባለበት ቆሟል። ከተማን የሚያስለቅቀው ይህ ነው።

አለቃቀቋም በአንድ ቀን አይደለም። ከ1880ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰው ወደ ሌላ ማዕድን ይፈልስ ጀመር። በ1892 እሳት የንግድ ሰፈሩን በላው። በ1913 ስታንዳርድ ሥራ አቆመ። በ1917 የማገዶ ባቡሩ ቆመ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ ተሸጠ። በ1910 የነበረው 698 ሰው በ1920 ወደ 120 ወረደ። በ1932 ሌላ እሳት ተነሣ፤ ውሃው በጊዜው ሳይደርስ ቀርቶ የቀረውን አብዛኛውን ጨረሰው። ያን እሳት ያስነሣው በክብሪት የሚጫወት ሕፃን ነው ይላሉ። በ1934 የወርቅ ዋጋ ወደ 35 ዶላር ሲያድግ ሥራው ጥቂት አንሰራራ። በ1942 ግን መንግሥት ለጦርነቱ አያስፈልግም ያለውን የወርቅ ማዕድን ሁሉ አዘጋ። በዚያው ዓመት ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። ወርቁ አለማለቁን ማየት ከፈለጋችሁ፣ በ1994 በዚያ አካባቢ አዲስ የማዕድን ይዞታ የሚከለክል ሕግ መውጣት አስፈልጎታል። ያለቀ ወርቅ በሕግ አይጠበቅም።

ሦስተኛው ነጥብ። በ1962 ካሊፎርኒያ ቦታውን ታሪካዊ ፓርክ አደረገችው። ከ2,000 ያህል ሕንጻ ከ100 የሚበልጡ ቆመው ነበር። ምን እናድርጋቸው? አድሰን፣ ቀለም ቀብተን፣ አዲስ እናስመስላቸው? አላደረጉትም። የመረጡት መንገድ እርጅናው ባለበት እንዲቆም ነው። ቤቱ የተጣመመ ከሆነ ተጣሞ ይቆይ፤ እንዲወድቅ ግን አይተዉትም። ጣሪያው ካፈሰሰ ክዳኑን በዓይነቱ ይተካሉ። መስታወቱ ከተሰበረ በረዶ እንዳይገባ ይዘጋሉ። መሬት የነካው ወለል ተሸካሚ ግንድ ከበሰበሰ ቤቱን በክሪክ ጥቂት ከፍ አድርገው ግንዱን ይለውጣሉ። ስዌዚ የሚባለው ሆቴል አንድ ጎኑ ዘምሟል፤ ከውጭ በእንጨት ደግፈውት እንደ ዘመመ ቆሟል። ሱቁ ውስጥ ዕቃው መደርደሪያው ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ መጻሕፍቱ ጠረጴዛው ላይ፣ አቧራው በላያቸው ነው። አቧራውን አይጠርጉትም።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ጣሪያ፣ መስኮት፣ መሠረት። ሦስቱም ውሃን ለመከላከል ነው። እንጨትም ይሁን ግንብ፣ ሕንጻን የሚገድለው ውሃ ነው። የእኛን ፋሲል ግቢ ተመልከቱ። በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ሲጠግኑ ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ተጠቀሙ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ታዲያ ምን ከፋው? የከፋው ጥንካሬው ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ግድግዳው የጠጣውን ውሃ በመጋጠሚያው ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋዋል፤ ውሃው በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፣ ጨው ይዞ ይወጣል፣ ድንጋዩ ፊቱ ይላላጣል። በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ዕርዳታ ያን ጥገና አስወግዶ በኖራ መተካት ተጀመረ። አንድ ጥገና ተሠርቶ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ያንኑ ጥገና ለማፍረስ ሌላ ጥገና! ቢተዉት ይሻል የነበረ ስንት ነገር አለ።

ስለ ስርቆት ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ቦዲ ውስጥ ሚስማር ማንሣት ክልክል ነው። ስባሪ ጠርሙስ ማንሣት ክልክል ነው። ከዚያ ዕቃ የወሰደ ሰው ይረገማል የሚል ወሬ ተስፋፍቶ፣ የወሰዱትን ሚስማርና ጠርሙስ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ የሚመልሱ ብዙዎች ናቸው። በ1882 የተሠራ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። በውስጡ በጨርቅ ላይ የተጻፈ ዐሥርቱ ትእዛዛት ተሰቅሎ ነበር፤ «አትስረቅ» የሚለው እዚያው ላይ ተጽፏል። ያን ጨርቅ ሰረቁት። ከመቅደላ የተጫነብን ንብረት ገና ተሟልቶ ላልተመለሰልን ለእኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ባዶው ግድግዳ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን።

ለተማሪዎቹ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ልጨርስ። ነገ ወደ ግቢው ስትገቡ ከቤተ መንግሥቱ ራስ አትጀምሩ። ወደ ግድግዳው ግርጌ ጎንበስ በሉ። በድንጋዮቹ መካከል ያለውን መጋጠሚያ በጥፍራችሁ ሳትፍቁ በዓይናችሁ ብቻ እዩት። ነጣ ብሎ ለስላሳ ከሆነ ኖራ ነው፤ ግራጫና ደረቅ ከሆነ ሲሚንቶ ነው። ከዚያ ሲሚንቶው አጠገብ ያለው ድንጋይ ፊቱ ምን እንደሆነ ጻፉ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከየትኛው ጣሪያ ወርዶ የት እንደሚያርፍ ጻፉ። ሥዕልም ሳሉበት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። እስኪ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።